ከጎርጎራ እስከ ደባርቅ እየቀመሱ መውጣት



ውጭ ሀገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ከባለቤቷና ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትመጣ ነው። ታላቁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ሦስት። «የፋሲል ግቢን በፎቶም አይተውታል። እኔ የምፈልገው የሀገራቸውን እህል ቀምሰው እንዲመለሱ ነው፤ መንገዱን በምግብ አውጪልኝ» አለችኝ። እዚሁ አዘዞ የሚኖሩት አባቷም አብረው ይጓዛሉ፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። የሦስት ዓመት ልጅና የስኳር ታማሚ አንድ መኪና ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ብዙዎቻችሁም በበዓል ሰሞን እንዲሁ ስለምትጓዙ፣ ለእሷ የጻፍኩላትን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ባለፉት ዓመታት የእኛ አካባቢ መንገድ ሁልጊዜ ክፍት እንዳልነበረ ታውቃላችሁ። ክፍት ከሆነ ግን ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ጣና 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጎንደር ከ2,100 ትንሽ ያልፋል፣ ደባርቅ 2,850 ይጠጋል፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 በላይ ነው። ከባሕር ጠለል ብዙም ከማይርቅ ከተማ የመጣ ሰው በአንድ ቀን ጨነቅ ላይ ቢወጣ ገብሱን ሳይቀምስ ራሱን ይዞ ይተኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጎርጎራ ነው፣ ከጎንደር ስልሳ ኪሎ ሜትር ገደማ። እዚያ የሚበላው ዓሣ ነው፤ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ። አጥንቱ አጠገብ ያለው ሥጋ ነጭ ሆኖ በቀላሉ ከተላቀቀ በስሏል። ለትንሿ ልጅ እናቷ በጣቷ እየዳሰሰች አጥንቱን ለቅማ ታጉርሳት፤ በማንኪያ አይታወቅም። ሐይቁን ግን በዓይን ብቻ! የጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ ያለበት ነው። ትሉ ልጁ እግሩን ውሃ ውስጥ ሲነክር በቆዳው በኩል ይገባል፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም።

ከጎርጎራ ስትመለሱ የምታቋርጡት ሜዳ ደምቢያ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይበረታል፤ ማደር ካለባችሁ ያለ አጎበር አትደሩ። እ.ኤ.አ. በ1953 በዚህ አካባቢ የገባው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ጨርሷል። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ ሲቋቋም ያ መከራ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ደምቢያ ላይ ግን በወባ ብቻ አላልፍም። ጓያ አለ።

የአባቴ ታናሽ ወንድም የደምቢያ ገበሬ ነው። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ጎረምሳ ነበር። ቤት ውስጥ የቀረው እህል ጓያ ብቻ ስለነበር ለወራት ንፍሮውን በላ። አንድ ጠዋት እግሩ ከበደው፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው፣ በጣቶቹ እየቆመ፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ። አእምሮው ንጹህ ነው፣ እጁም ደህና ነው፣ ጨዋታውማ አይጠገብም። ምክንያቱን ስትጠይቁት ግን «የጓያ ገለባ ላይ ተኝቼ ነው» ይላችኋል። ሌላው ደግሞ «እንፋሎቱ መታኝ» ይላል፤ «ማሳውን በእግሬ አቋርጬ ነው» የሚልም አለ።

አይደለም። ገለባውም እንፋሎቱም ሰው አያሽመደምድም። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል መርዝ አለ፤ ሰው ሌላ እህል አጥቶ ለወራት ዋና ምግቡ ሲያደርገው እግርን የሚያዙትን ነርቮች ያበላሻል። አንዴ ከተበላሹ መድኃኒት የለውም። ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶችን ይበዛባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ደላንታ ዳውንት ላይ ከድርቅ በኋላ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። እዚያ የተደረገው ጥናት ለእናቶች የሚጠቅም ነገር አሳይቷል፤ አደጋው የጎላው እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን በሚበሉት ላይ ነው። በወጥና በእንጀራ መልክ የበሉት ላይ አደጋው አልጨመረም። ከጤፍ፣ ከስንዴና ከመሳሰሉት እህሎች ጋር መቀላቀሉም፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል መሠራቱም ይረዳል።

ታዲያ እንግዳ ሽሮ አይብላ ማለቴ ነው? በፍጹም። ጓያ ርካሽ ስለሆነ የገበያ ሽሮ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ሁለት ሳምንት ሽሮ የበላ ሰው እግሩን አይታመምም። እኔን የሚያሳስበኝ እንግዳው አይደለም፤ ዝናብ የቀረበት ገበሬና ልጆቹ ናቸው። ገጠር ዘመድ ካላችሁ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ጓያውን በብዙ ውሃ ዘፍዝፈው ውሃውን እንዲደፉ፣ ከሌላ እህል ጋር እንዲቀላቅሉ፣ ለልጆቹ ንፍሮውንና እሸቱን እንዳይሰጡ ንገሩልኝ። ለዘመዶቻችሁ ጥቂት ኩንታል ሌላ እህል መላክ ከቻላችሁ ደግሞ ከእኔ ምክር ይበልጣል።

ወደ ጎንደር እንመለስ። ቅዳሜ ገበያን በማለዳ ዙሩ፤ ልጁ የዳጉሳን፣ የኑግንና የሱፍን ፍሬ በእጁ ይፈሰው። ዳጉሳ የተቀላቀለበት እንጀራ ጠቆር ይላል፤ በካልሲየም ግን ዳጉሳን የሚያህል እህል ጥቂት ነው። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በያይነቱ ብሉ። ከመካከሉ ሱፍ ፍትፍት በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚሠራ ውሃው የፈላ ወይም የታሸገ መሆኑን ሳታፍሩ ጠይቁ። ለስኳር ታማሚው አባታችን እንጀራውን ግማሽ፣ ምስሩንና ጎመኑን እጥፍ። ዶሮ ወጥ ይበሉ እንጂ መረቁን በእንጀራ እየጠረጉ አይጨርሱት፤ ጨውና ቅቤው የተከማቸው እዚያ ነው።

አሁን ወደማትወዱልኝ ወሬ ልግባ፤ ጥሬ ሥጋ። የአክስቴ ልጅ ባል «ቁርጥ ሳልበላ አልመለስም» ብሏል። ኮሶ ትል በከብቱ ሥጋ ውስጥ ከአተር ባነሰ ከረጢት ተሸጉጦ ይቀመጣል። በቄራ ምርመራ ይፈለጋል፤ ሁሉም ግን አይገኝም። አዋዜም ሚጥሚጣም አይገድለውም። «አረቄ ሲወርድበት ይሞታል» የሚባለውም ወሬ ነው። ለብለብ ክትፎም ያው ጥሬ ነው። አንጀት ውስጥ ከገባ በኋላ በወራት ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ ቁራጮቹም ሰውየው ሳያስበው በውስጥ ልብሱ ላይ ይገኛሉ። ፎቶው ላይ ያማረው ቁርጥ ባዕድ ሀገር ከሄደ በኋላ ሲታይ ደግሞ ያሳፍራል! ለእኔ ምርጫው ጥብስ ነው፤ ደህና ተጠብሶ በቃሪያ የቀረበ። አይሆንም ብሎ የበላ ሰው ምልክቱን ሲያይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ብቻ የሚዋጥ መድኃኒት አለ። የኮሶ ዛፍ አበባ እናቶቻችንን ለዘመናት አገልግሏል፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡም ዛፉን ታዩታላችሁ፣ ውብ ነው። ግን መጠኑ አይታወቅም፣ ሲበዛ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፣ ለነፍሰ ጡርም አደገኛ ነው። ፎቶ አንሱት እንጂ አትጠጡት።

ከጎንደር ወደ ሰሜን ስትወጡ ኮሶዬንና አምባ ጊዮርጊስን አልፋችሁ ዳባትና ደባርቅ ነው። ይህ የገብስ ሀገር ነው፤ ቤቱ ሁሉ በሶ ይሸታል። በሶ በማር ወይም በጨው ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ተለውሶም ይበላል። ገብስ የስኳር መጠን ቶሎ እንዳያሻቅብ የሚረዳ አሰር ስላለው ለአባታችን ማሩ ቀርቶ በጨው፣ ግፊት ስላለባቸው ጨውም በቁንጥጫ ይሁን። ቆሎው ግሩም ነው፤ ለሦስት ዓመቷ ግን አንዲት ፍሬ እንኳ አይሰጣት። መንጋጋዋ ሳያደቀው ስትስቅ ወይም ስትሮጥ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎና ኦቾሎኒ መኪና ውስጥ በፍጹም። ለእሷ ገንፎ ይገንፋላት፣ ወይ ቅንጬ ይሠራላት፤ የደባርቅ ድንችም ተቀቅሎ አለ።

ደጋ ላይ ስትበሉ አንድ የማይታሰብ ነገር አለ። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ውሃ በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ፣ ጨነቅ ላይ በ88። ባቄላውና ምስሩ ዘግይቶ የሚበስለው ለዚህ ነው፤ ባልቴቷን «ምነው ዘገየ?» አትበሏቸው። የምትጠጡትን ውሃ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንፈቅፍቁት። ወተቱንም እንዲሁ አፍሉት። «ከጡቷ ሲወርድ ትኩሱን» ተብሎ የሚሰጥ ወተት ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ወራት የሚዘልቅ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና የወገብ ሕመም ይዟቸው ከመጡ ሕመምተኞች ጋር ስለ ጥሬ ወተት ያወራሁት ብዙ ነው። ባለቤቷን ላለማስከፋት «ልጆቹ የለመዱት የፈላ ነው» በሏቸው፤ ይገባቸዋል።

ሳንቃበር 3,200 ሜትር አካባቢ ነው። ደባርቅ አንድ ሌሊት አድራችሁ ውጡ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያችሁ ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ አትውጡ፣ ባላችሁበት እረፉ። መንገዳገድ፣ ቃላት መደናገር ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር ካለ በሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ውረዱ። ጠላና አረቄ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ይቅር። ለልጅ ደግሞ «ቅራሪ ነው፣ አያሰክርም» ቢሏችሁም አትስጡ።

ተቅማጥ ምንም ብትጠነቀቁ ሊመጣ ይችላል። ኦአርኤስ ከጎንደር ፋርማሲ ገዝታችሁ ያዙ፤ አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጡ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፉት። ካጣችሁ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ለስላሳ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ልጅ ካስታወከ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ። ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ልጅ ዚንክ በቀን 20 ሚሊ ግራም ከ10 እስከ 14 ቀን። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ ከደነዘዘች፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ሰገራው ደም ካለበት ጉዞውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል።

ለአባታችን የመጨረሻ ማስታወሻ፦ ተራራው ላይ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ኢንሱሊን አንዴ ከበረደና በረዶ ከሠራ ቢቀልጥም አይሠራም፤ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከሹራባቸው ሥር፣ ከሰውነታቸው ጋር ይደር። ቀን ሲራመዱ ደግሞ ስኳራቸው ሊወርድ ስለሚችል ኪሳቸው ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ ትንሿ ልጅ እንዳታገኘው ግን በአዝራር የሚዘጋው ኪስ ውስጥ ይሁን።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ገበታ!