ዐሥር ሳንቲም ይዘን ወደ ባሌ

ይህ ጉዞ የተፀነሰው በአንዲት ዐሥር ሳንቲም ምክንያት ነው። ባለፈው ኅዳር አንድ ምሽት፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ከአያቷ መሳቢያ ያገኘቻቸውን የድሮ ሳንቲሞች ምንጣፍ ላይ ደርድራ ስትጫወት ቆይታ፣ 1969 ዓ.ም. የተቀረጸባትን አንዷን አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋቻትና፣ በአንደኛው ገጽ ያለውን አንበሳ ቀድሞውኑ ታውቀው ስለ ነበር ሁለተኛውን ገጽ እያሳየችኝ፣ «አባዬ፣ ይኼ ፍየል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ፍየል አለመሆኑን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኝ የደጋ አጋዘን መሆኑን፣ ብዙ ሰውም ኒያላ እያለ እንደሚጠራው ነገርኋት። «አይተኸው ታውቃለህ?» አለችኝ። አላየሁትም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሻይና ዳቦ ስገዛበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሳቀባብለው የኖርሁትን ፍጥረት በዓይኔ አለማየቴ በዚያች ሰዓት እንደ ዕዳ ከበደኝና፣ ከባለቤቴ ጋር ሳልመክር፣ «በጥር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሄደን እናየዋለን» ብዬ ቃል ገባሁ።

ለሕፃን የተሰጠ ቃል እንደማይታጠፍ ባለቤቴም ታውቃለችና ሐሳቡን አልተቃወመችም፤ የተቃወመችው የአካሄዱን ነገር ነው። የባለቤቴ እናት ግን ነገሩን ከሥሩ ጠሉት። «ሰው ልጁን ከብርድ ይሸሽጋል እንጂ ብርድ ፍለጋ ይወስዳል?» እያሉ ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጡን። እኛም ሌላውን ሁሉ አውጥተን አውርደናል። አዋሽ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱና ወባው ለሦስት ዓመቱ ልጃችን አስፈራን፤ የአርባ ምንጩ ነጭ ሳርም እንዲሁ። ስሜን ወባ የለበትም፤ ዳሩ ግን ያ ልጅ ፊት ለፊቱ ክፍት ቦታ ሲያይ ሳይሮጥ የማያልፍ ነውና፣ ገደል አፋፍ ለአፋፍ እጁን ይዤ ስከራከር የምውልበት ጉዞ ለማንኛችንም ዕረፍት ሊሆን አይችልም። ባሌ ደጋ ነው፣ ሰፊ ሜዳ አለው፣ ልጄ የጠየቀችው እንስሳም በብዛት የሚኖረው እዚያው ነው። የሚያስጨንቀው ከፍታው ብቻ ነበር።

የልጆች ሐኪም አማክረን የተማርነውን እዚህ ማስፈሩ የሚጠቅም ይመስለኛል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ያለች ስለ ሆነች ልጆቻችን ለቀጭን አየር ፈጽሞ እንግዶች አይደሉም፤ ይሁን እንጂ የሳነቲ አምባ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ስድስት ዐሥረኛ ያህል ብቻ ነው። ዐዋቂ ራሱን ሲያመው ይናገራል፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ግን ሕመሙን በቃል መግለጥ ስለማይችል፣ ምግብ እንቢ ሲል፣ ያለ ምክንያት ሲነጫነጭ፣ ወይም ያለ ልማዱ ዝም ሲል እናቱ ማስተዋል አለባት፤ ዋናው መድኃኒትም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ መውረድ ነው። ስለዚህ ባለቤቴ በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ አንድ ሌሊት አሰላ፣ ሦስት ሌሊት ዲንሾ፣ በአምስተኛው ቀን በመኪና ወደ ሳነቲ ለጥቂት ሰዓት፣ ከዚያ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ጎባ፤ በአምባው ላይ ማደር ክልክል። የቱሉ ዲምቱን ጫፍ እኔ ጽፌው ነበር፤ እሷ ሠረዘችው፤ እኔም በኅዳጉ መልሼ ጻፍሁት።

ያን ያህል የተቆጡት አያት በመነሻችን ዋዜማ ሌሊቱን ሲጋግሩ አድረው በነጭ ከረጢት የሞላ ዳቦ ቆሎና ለየልጁ አንዳንድ ጋቢ አስታቀፉን።

ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን መንገድ በሁለት ቀን ከፍለን ተጓዝን፤ ከመንገዱም በልቡናዬ የቀረው፣ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችው የደራርቱ ቱሉ አገር በቆጂ ስንደርስ፣ ደብተራቸውን በብብታቸው ይዘው ከመኪናችን ጎን ለጎን ይሮጡ የነበሩት ልጆች ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረችው ሌሊት ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ነገር ደርሶብኛል። ከሦስት ሳምንት አስቀድሜ በስልክ ተነጋግሬ፣ ቀብድ ልኬ የያዝሁት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ለሰርግ እንግዶች ተሰጥቶ ቆየኝ። ጥር የሰርግ ወር መሆኑን አላጣሁትም፤ ሆኖም እንቅልፍ የጣለውን ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ በምሽት የቆመን አባት «ምን እናድርግ ጌታዬ» ብሎ መሸኘት እንግዳ ተቀባይ በምንባል ሕዝብ መካከል ሊሠራ የማይገባው በደል ነው። አራታችን በአንድ ጠባብ አልጋ ተጨናንቀን፣ የሰርጉ ድምፅ ማጉያ ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጠው አነጋን።

ዲንሾ ግን ያን ሁሉ አስረሳን። በማለዳ በሣሩ ላይ የተጋገረው ውርጭ ከእግራችን ሥር እየተንኮሻኮሸ፣ ከጽዱና ከኮሶው ጥላ የሚወጣው ሽታ እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እየታጠነ፣ አስጎብኚያችን ፊት ፊት፣ እኛ ኋላ ኋላ ሄድን። መጀመሪያ ያገኘናቸው ከርከሮዎች በፊት ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣር ሲግጡ ነበር፤ ታናሹም ይህን አይቶ ወዲያው ውርጩ ላይ ተንበረከከ፤ እናቱ ብታነሣውም ባታነሣውም ያን ጠዋት ሙሉ ደጋግሞ ተንበረከከ። ጥቂት እንደ ሄድን አስጎብኚው እጁን ዘረጋና ቆምን። አምስት ግራጫ ቡናማ እንስሳት ሰፋፊ ጆሯቸውን ወደ እኛ አዙረው ቆመዋል። ልጄ ከኪሷ ሳንቲሟን አወጣች፤ አንድ ጊዜ ሳንቲሟን፣ አንድ ጊዜ እንስሳቱን አየችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባዬ፣ እነዚህ እኮ ቀንድ የላቸውም።»

እኔ መልስ አልነበረኝም። አስጎብኚው ግን በርከክ ብሎ በሹክሹክታ፣ «እናቶቹ ናቸው የኔ እመቤት፤ ቀንድ ያለው አባትየው ነው። ዝም ብለሽ ጠብቂው» አላት። ጠበቅን። ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ አላውቅም፤ የዚያን ያህል ረጅም አርምሞ ከልጆቼ ጋር አሳልፌ አላውቅም። ከጽዶቹ መካከል በመጀመሪያ የወጣው እየተጠመዘዘ ወደ ላይ የሚሄደው ቀንድ ነበረ፤ ቀጥሎ በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ነጭ ምልክት፤ ከዚያ በኋላ በጎኑ ላይ የፈዘዙ ነጫጭ ሰንበሮችና ነጠብጣቦች ያሉበት፣ አንገቱ የወፈረ፣ ጋማው የቆመ ታላቅ ገላ፣ ከመቅደስ ታቦት አክብሮ እንደሚወጣ ካህን እርምጃውን እየመጠነ ወጣ። ልጄ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሳንቲሟን እጇን ዘርግታ በአየር ላይ ያዘቻትና ሁለቱን ጎን ለጎን አስተያየቻቸው። «እሱ ነው» አለች።

ይህን እንስሳ የውጭው ዓለም ሊቃውንት ያወቁት በ1900 ዓ.ም. ገደማ አንድ ባክስተን የሚባል እንግሊዛዊ አዳኝ ከገደለው በኋላ ነው፤ በሳይንሳዊ ስሙም የእርሱ ስም ተቀጥሎበታል። የአገሩ ሰው ግን ዘመን ከማይቆጠርለት ጀምሮ አብሮት ኖሯልና ስሙን በአዳኝ ስም መሰየማቸው ደስ አይለኝም።

በአምስተኛው ቀን በጎባ በኩል ወደ ሳነቲ ስንወጣ አንድ የእረኛ ውሻ መኪናችን አጠገብ መጣና ታናሹ ሊዳብሰው እጁን ሰደደ። አስጎብኚው ፈጥኖ ከለከለው። ምክንያቱን ሲነግረን ቃሉ ሁሉ ልቤን ነካው፦ በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት በባሌ ነው፤ ከውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታም በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በወይብ ሸለቆ ገብቶ የሸለቆውን ቀበሮዎች አብዛኞቹን ፈጅቷቸዋል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረ ተራራ ሕልውናው በአንድ ውሻ ክትባት ላይ መንጠልጠሉን ስሰማ፣ ያ ክትባት በየዓመቱ ሳይጓደል ይሰጥ ዘንድ ከልቤ ተመኘሁ። ከቀትር በፊትም አንዱን ቀበሮ አየነው፤ በፍልፈል ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቀይ ጆሮዎቹን ቀስሮ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቅ ነበር።

የቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ 4377 ሜትር፣ ከነአንቴናው ፊት ለፊታችን ይታይ ነበር፤ መኪናም እስከ ላይ ይወስዳል። ያን ጊዜ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር፣ «ዳቦ ቆሎውን መለሰልኝ» አለች። ታናሹ ከተነሣን ጀምሮ ከእጁ ያላወረደውን መልሶ መዳፏ ላይ አስቀምጦላት፣ ራሱን ጋቢው ውስጥ ቀብሮ ዝም ብሏል። እኔ፣ «የሩብ ሰዓት መንገድ እኮ ነው የቀረው» አልሁ። «ጫፉ የትም አይሄድም» አለችኝ፤ «ልጁ ግን ራሴን አመመኝ ብሎ ሊነግረኝ አይችልም።» ተቆጥቼ ከመኪናው ወረድሁ። እንደ ዓምድ በተገተሩት ጅብራዎች መካከል በዚያ በሚቆርጥ ነፋስ ሃያ እርምጃ ያህል እንደ ሄድሁ የገዛ ልቤ ሲደልቅ ጆሮዬ ውስጥ ሰማሁት፤ ቆሜም አዳመጥሁት። ተመልሼ ሾፌሩን፣ «አዙረው» አልሁት። ማንም አልተናገረም።

ወደ ጎባ ግማሽ መንገድ እንደ ወረድን፣ የአሜጃው ቁጥቋጦ ሲጀምር፣ ጋቢው ተንቀሳቀሰ፤ አንዲት ትንሽ እጅም ወጥታ ከረጢቱን ትፈልግ ጀመር። ባለቤቴ አፉን ፈታችለት።