የባቲ ቅኝት እና የ«ኤርታሌ» ጊታር

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ቡና የቀረበላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ፤ ኔትወርክ የሚያስቸግራችሁ ደግሞ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተመለሱበት።

ነገሩ ስለ ጃኖ ባንድ ነው፤ በተለይ ስለ መጀመሪያ አልበማቸው ስለ «ኤርታሌ»። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። «አሁን ከየት አመጣኸው?» ትሉኝ ይሆናል። ያመጣው አንድ የድሮ ተማሪዬ ነው። ልጁ ጊታር ይለማመዳል። ሰሞኑን በሜሴንጀር እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ዲስቶርሽን ከፍቼ ስጫወት ቤተሰብ 'ይሄ የፈረንጅ ጩኸት ነው፣ ባህል እየበረዝክ ነው' ይሉኛል። እውነት የኛ አይደለም እንዴ?» የፊዚክስ አስተማሪ ስለሆንኩ ስለ ድምፅ የሚጠየቅ ጥያቄ አያልፈኝም። መልሱ ግን በአንድ መስመር አላልቅ አለኝ።

ለማታውቁት ላስተዋውቃችሁ። ጃኖ ከአዲስ አበባ የተነሳ የሮክ ባንድ ነው። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራምና ኪቦርድ አለ፤ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ድምፃውያን ይቆማሉ። ስሙን የወሰዱት ቀይ ጥለት ካለው የሀገር ልብስ፣ ከጃኖ ነው። አልበሙን ደግሞ በአፋር ምድር በሚንተከተከው እሳተ ገሞራ ሰየሙት። ንጹሕ ሄቪ ሜታል ነው ብዬ አልዋሽም፤ የሜታል ወዳጆች ሊከራከሩኝ ይችላሉ። ነገር ግን ያን ወፍራምና ሻካራ ጊታር ከአማርኛ ግጥምና ከሀገር ዜማ ጋር አጋጥሞ በሙሉ አልበም ያቀረበልን ትልቁ ሥራ እሱ ነው።

ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል የሚባል አሜሪካዊ የቤዝ ተጫዋች ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1986 የእንግሊዞቹን የሞተርሄድን «ኦርጋዝማትሮን» ፕሮዲውስ አድርጓል። ሞተርሄድን የማታውቁ፣ የመኪና ሞተር ሲጮህ አስቡና እላዩ ላይ ከበሮ ጨምሩበት። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 የእጅጋየሁ ሽባባውን፣ የኛዋን የጂጂን አልበም ሠራ። በአንድ ሰው ጆሮ ውስጥ ሞተርሄድም ጂጂም አሉ ማለት ነው። ጃኖ እሱ ዘንድ መድረሱ የሚገርም አይደለም።

አሁን ወደ «ጩኸት» እንምጣ። ዲስቶርሽን ምንድን ነው? ክፍል ውስጥ የሳልኩላችሁን ሞገድ አስታውሱ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ጫፉ ክብ ነው። አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ድምፅ ሲገባበት የሞገዱን ጫፍ አናቱ ላይ ይቆርጠዋል። ክቡ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጫፉ ሲቆረጥ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ትንንሽ ተከታይ ድምፆች ይወለዳሉ። ጆሯችን «ሻከረ፣ ወፈረ፣ ነዘረ» የሚለው እነሱን ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ታዲያ ድምፅን ሆን ብሎ ማስነዘር የፈረንጅ ፈጠራ ነው? በገናን ስሙ። አሥር አውታር አለው። በአውታሩና በድልድዩ መሃል ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ፤ አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይነዝራል። ያ ደረት ውስጥ የሚገባው የበገና ግርማ የመጣው ከዚያች ቆዳ ነው። ቆዳዋ ብትወጣ ድምፁ ይጠራል፣ ግርማው ግን ይሄዳል። የበገና ደርዳሪ አባቶቻችን ኤሌክትሪክ ሳይኖር የነዘረ ድምፅ ክብደት እንዳለው ያውቁ ነበር። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከሮክ ጋር እኩል እያደረግኩት እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የምለው፣ የሻከረ ድምፅ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም ነው።

ይህ የመጀመሪያው ነጥብ ነው። ሁለተኛው ግን እኛኑ፣ የዚህን ዞን ሰዎች፣ በቀጥታ ይመለከታል።

አራቱን ቅኝቶች ታውቃላችሁ፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አምባሰል ከደሴ ወደ ሰሜን ያለው ተራራ ነው። ባቲ ግን እዚሁ የኛው ዞን ከተማ ናት፤ የሰኞ ገበያዋ ላይ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባው፣ አማራው የሚገበያይባት ባቲ። ቅኝቷ በሜጀርም በማይነርም ይጫወታል። ማይነሩን ከ«ላ» ብንጀምር አምስቱ ድምፆች እነዚህ ናቸው፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል።

አሁን በየትኛውም ዓለም ያለ ሮክ ጊታር የሚማር ልጅ አስተማሪው መጀመሪያ የሚያሳየውን ስኬል ጠይቁት። ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ይላችኋል! እነሱ ማይነር ፔንታቶኒክ ይሉታል። ብሉዝ የተጫወተው በእሱ ነው፤ ሮክ ከብሉዝ ወረሰው፤ ሄቪ ሜታል ከሮክ ወሰደው። እርግጥ የክራርና የማሲንቆ ቅኝት ከፒያኖ ጋር ስንዝር በስንዝር ልክ አይገጥምም፤ አካሄዱና ጌጡም የራሱ ነው። ባቲ ለእንግሊዝ ሮክን ሰጠች እያልኩም አይደለም፤ እንዲህ ያለ ተረት ከኔ አትሰሙም። አምስት ድምፅ በብዙ ሕዝብ ዘንድ ለየብቻ ይገኛል። ግን የኛ ልጅ ጊታር አንስቶ ያንን ስኬል ሲጫወት ወደ ሰው ቤት እየገባ አይደለም። በራሱ ደጅ እያለፈ ነው።

አንቺ ሆዬ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ከ«ዶ» ሲጀመር በውስጡ ከ«ዶ» ስድስት ግማሽ ድምፅ የሚርቅ ድምፅ አለ። አምስተኛው ድምፅ ላይ ልትደርስ ስትል አንዲት ግማሽ ድምፅ የምትጎድል ማለት ነው። አምስተኛው ከመነሻው ጋር 3 ለ 2 ስለሚሆን ጆሮን ያሳርፋል። ይሄኛው ግን ወደ 1.41 ነው፤ ሞገዶቹ ቶሎ አይገናኙም፣ ጆሮም አያርፍም። የአውሮፓ የሙዚቃ መምህራን «በሙዚቃ ውስጥ ያለ ሰይጣን» የሚል ስም ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ የመክፈቻው ዘፈን የቆመው በዚሁ ርቀት ላይ ነበር። ብዙ ሰው ሄቪ ሜታል ተወለደ የሚለው ከዚያ ጀምሮ ነው። እነሱ ሰይጣን ብለው የፈሩትን ርቀት እኛ «አንቺ ሆዬ» ብለን ፍቅር ዘፈንበት! እስኪ ማን ነው ለከባድ ድምፅ የበለጠ ቅርብ?

የብላክ ሳባዙን ጊታሪስት የቶኒ አዮሚን ታሪክ ለተማሪዎቼ መንገር እወዳለሁ። የበርሚንግሃም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ክር መጫን ሲያመው ቀጫጭን ክር ተጠቀመ፤ በኋላም ክሩን አላላው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፣ ከበደ። ያ «የፈረንጅ ጩኸት» የተባለው ነገር የአንድ የተጎዳ ሠራተኛ መላ ነው። ድምፅ የሰው ኑሮ ይዞ ይመጣል።

ይህን ድምፅ የወሰዱ ሌሎች ሕዝቦችም አሉ። የብራዚሎቹ ሴፑልቱራ እ.ኤ.አ. በ1996 «ሩትስ» የሚለውን አልበም ሲሠሩ ማቶ ግሮሶ ወደሚኖሩት የሻቫንቴ ሰዎች ሄደው አብረው ቀረፁ። የሞንጎሊያዎቹ ዘ ሁ በ2019 ባወጡት «ዘ ጌሬግ» ባለ ፈረስ ራስ የክር መሣሪያቸውንና የጉሮሮ ዜማቸውን ይዘው መጡ። ዓለም የሰማቸው እንግሊዝ ስለመሰሉ አይደለም።

እኔ በእንደዚህ ዓይነት ድብልቅ ላይ አንዲት ፈተና አለችኝ፦ የሀገሩን ነገር ብታወጣው ዘፈኑ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ክራር መግቢያው ላይ አሥር ሰከንድ ተሰምቶ ከዚያ ከጠፋ፣ እሱ ጌጥ ነው፤ ብታወጣው ማንም አይናፍቀውም። ዜማው ራሱ በቅኝታችን ከሄደ፣ ጊታሩም ማሲንቆ ለአዝማሪ እንደሚመልስ ለድምፃዊው ከመለሰ ግን፣ ብታወጣው የሚቀርህ ባዶ ከበሮ ነው።

«ኤርታሌ»ን በዚህ ፈተና ሳየው፣ በኔ ጆሮ፣ አብዛኛውን ያልፋል። ድምፃውያኑ እየተቀባበሉ፣ ድምፃቸውን እያወዛወዙ የሚሄዱበት መንገድ የኛ ነው፤ ጊታሩ እነሱን ተከትሎ ይከብዳል እንጂ እነሱ ጊታሩን አይከተሉም። አንዳንድ ቦታ ጊታሩ ለብቻው ረዘም ሲል ግን የየትኛውም ሀገር አልበም ይመስለኛል፤ እዚያ ላይ ቅኝቱ ወጥቶ ቡና ሊጠጣ የሄደ ነው የሚመስለው። ይህ የኔ ጆሮ ነው፣ አትፍረዱብኝ።

«ወርቃማ ዘመን» እያልን የምንናፍቀው ሳክስፎንና ትራምፔትስ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ የንጉሡ የነፋስ መሣሪያ ባንድ ሆኑ። ዛሬ ሳክስፎን ትዝታ ሲጫወት «የአርመን ነው» የሚል ሰው አላየሁም። የኛ ሆኗል። የኛ ያደረገው ደግሞ የመጣበት ሀገር ሳይሆን የተጫወተው ቅኝት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ የወሎን መንዙማ አስቡ። መንዙማ ዝክር ነው፣ ከዘፈን ጋር አልቆጥረውም። ግን ቋንቋውን ልብ በሉ፦ አማርኛው ከዐረብኛ፣ ኦሮምኛው ከአማርኛ በአንድ ስንኝ ይገናኛል። የድሮዎቹ ሸሆች አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል ይጽፉት ነበር። ማንም «ተበረዘ» አላለም። ድቤው ሲመታ ሁሉም ያጨበጭባል።

«መበረዝ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቀኛል። ማር በውሃ ሲበጠበጥ ብርዝ እንላለን። ብርዝ ቀርቦለት «ኧረ ማሩን ውሃ አበላሸው» የሚል እንግዳ አይታችኋል? የሚጠየቀው ማር አለው ወይ፣ ይጣፍጣል ወይ ነው። ማር የሌለው ብርዝ ውሃ ነው፤ ቅኝት የሌለው የኛ ሮክም እንደዚያው። ስለዚህ ልጄ፣ ቤተሰቦችህ የጠየቁህ ጥያቄ ከንቱ አይደለም፤ የሚመለሰው ግን በክርክር ሳይሆን በምትጫወተው ነገር ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለጊታር ብቻ ብዬ አይደለም። በዚህ ዞን «ይሄ የኛ ነው፣ ያ የነሱ ነው» የሚለው ንግግር ከሙዚቃ አልፎ ምን እንዳደረሰብን ሁላችንም እናውቃለን። ቁስል አልነካም። ግን ጨፋን እዩት። ቦርከና ሜዳችንን አጠጥቶ አዋሽ ይገባል፣ ወደ አፋር ይወርዳል። በበጋ ደግሞ አፋሩ ከብቱን ይዞ ወደ ጨፋ ሣር ይመጣል። ውሃው ይሄዳል፣ ከብቱ ይመጣል። በአንድ ክፍል ውስጥ ግማሻችሁ «ቲቸር»፣ ግማሻችሁ «ባርሲሳ» ትሉኛላችሁ፤ ሁለቱንም «አቤት» እላለሁ። ንጹሕ የሆነ አንድ ነገር ብቻ ፈልግ ብትሉኝ ከዚህ ሸለቆ ምን አወጣለሁ? የአዲስ አበባ ልጆች አልበማቸውን በአፋር እሳት ሲሰይሙ ያው ይህንኑ ያደረጉ ይመስለኛል።

በሉ የቤት ሥራ ጀባ ልበላችሁ። መጀመሪያ ማንኛውንም የባቲ ዘፈን በክራር ስሙ። ቀጥሎ አንድ የበገና ድርደራ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ። ከዚያ «ኤርታሌ»ን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በስልክ ስፒከር ሳይሆን በኢርፎን። ስትጨርሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፦ የትኛው ዘፈን ቅኝቱ ቢወጣ ይወድቃል፣ የትኛውስ ይቆማል? ምክንያቱን ያልጻፈ ማርክ የለውም። 😄

መልካም ሰንበት። ጨፋዬ ሰላምሽ ይብዛ።