«ብሩን ምን ያደርጉበታል?»

ባንክ ቤት የውጭ ምንዛሪ ክፍል የሚሠራ ሰው ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ፋታ የለውም። ኤልሲው መቼ ይከፈታል? ወረፋው የት ደረሰ? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ማዕከላዊ ባንክ እስከ 3 ቢሊዮን ድርሃም፣ በእኛ በኩል ደግሞ እስከ 46 ቢሊዮን ብር የሚደርስ የገንዘብ ልውውጥ (ስዋፕ) ስምምነት የተፈራረሙ ጊዜማ ስልኬ አላረፈም። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ስንት ዘመን «የለም» ስል የኖርኩ ሰው ለአንድ ቀን እንኳ የምሥራች ነጋሪ መሆን አማረኝ።

ከደዋዮቹ አንዱ ከዱባይ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጡ አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ ነበሩ። ድርሃሙ መቼ ይደርሰኛል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ልጄ፣ እኛስ ድርሃማቸውን ወስደን ዕቃ እንገዛበታለን። እነሱ ብራችንን ወስደው ምን ያደርጉበታል?» አሉኝ።

«በርበሬ ይገዙበታላ፣ ጋሼ» ብዬ በሳቅ አለፍኩት። ጥያቄው ግን አለቀቀኝም።

መልሱን ፍለጋ የአሜሪካው ፌደራል ሪዘርቭ ድረስ ሄድኩ። እሱ ከፈረንሳይ ማዕከላዊ ባንክ ጋር የ50 ሚሊዮን ዶላር ስዋፕ የተዋዋለው በ1962 ነው (ይህም ሆነ በኋላ የማነሳው የ2008 ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ዶላር ይሰጣል፣ ሌላው በዕለቱ ተመን የራሱን ገንዘብ ያስይዛል። ቀኑ ሲደርስ በዚያው በመጀመሪያው ተመን ይመላለሳሉ፤ ዶላር የወሰደው ወለድ ይጨምራል። በመሃል ተመኑ ቢወጣም ቢወርድም ሒሳባቸው አይነካም።

የገረመኝ ሌላው ነው። ፌደራል ሪዘርቭ በልዋጩ የተቀበለውን ገንዘብ ለምንም አያውለውም። ገንዘቡ እዚያው ተበዳሪው ማዕከላዊ ባንክ ዘንድ በፌደራል ሪዘርቭ ስም በተከፈተ ሒሳብ ውስጥ ይቀመጣል። መያዣው ከተበዳሪው ቤት ንቅንቅ አይልም ማለት ነው! እኛ የቤቱ ካርታ እጃችን ሳይገባ ለማን አበድረን እናውቃለን?

እንግዲህ ነገሩ የሚያርፈው ተበዳሪው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። በ2008 የፋይናንስ ቀውስ ጊዜ የስዊድን፣ የኖርዌይና የዴንማርክ ማዕከላዊ ባንኮች ከፌደራል ሪዘርቭ የዶላር ስዋፕ መስመር ተፈቀደላቸው። ጎረቤታቸው አይስላንድ ጠይቃ ተከለከለች፤ በጥቅምት ሦስቱ ትልልቅ ባንኮቿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወደቁ። በዚያው ወር ማብቂያ ደግሞ ለደቡብ ኮሪያ 30 ቢሊዮን ዶላር መፈቀዱ ተነገረ። ዜናው ሴኡል በደረሰበት ቀን የአክሲዮን ገበያው 12 በመቶ ገደማ ዘለለ፤ ከመስመሩ ግን ገና አንድ ዶላር አልተወሰደም። ሰዉ ያመነው ዶላሩን አይቶ አይደለም፤ ቢቸግር የሚጠራ መኖሩን ሰምቶ ነው።

ወደ እኛ ልመለስ። 46ቱን ለ3 ብናካፍል አንድ ድርሃም 15 ብር ከ33 ሳንቲም ይመጣል፤ የዚያን ሰሞን ተመን ነው። ፊርማው ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ ሐምሌ 22፣ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተወሰነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ድርሃም 30 ብር ተጠጋ። ውሉ ላይ የተጻፈው የ46 ቢሊዮን ብር ዋጋ በገበያው ሲታይ በግማሽ ያህል ተቀንሷል። የሽማግሌው ጥያቄ የጨዋታ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። እኔ ለዓመታት ዓይኔን የተከልኩት በሚመጣው ገንዘብ ላይ ብቻ ነበር፤ እሳቸው ነጋዴ ናቸውና ያዩት በልዋጩ የሚሰጠውን ነው።

ውሉን ግን አላጣጥለውም። ድርሃም ከ1990 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.6725 ድርሃም ሒሳብ ከዶላር ጋር ተጣብቆ የኖረ ገንዘብ ስለሆነ፣ የዱባይ ሻጭ በየትኛውም ቢከፈለው ግድ የለውም። ለመርካቶ አስመጪ ከቻይና ዩዋን የስዋፕ መስመር ይልቅ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ። ችግሩ የተወሰደው ድርሃም ተመልሶ የሚከፈለው በድርሃም መሆኑ ነው፤ ያንን ደግሞ ሥጋም ቡናም ሸጦ ማግኘት ግድ ይላል።

አሁንም ይደወልልኛል። «ድርሃም ገባ አሉ?» ሲሉኝ፣ «ስምምነቱ የፈቀደው ገደብ ነው፤ ድርሃም ቢገባም የሚመለስ ነው» እላለሁ። ወዳጅ የሚያበዛ መልስ አይደለም።