ከፍለን ውሃ የቀዳንበት ሰሞን

ፊንላንድ 5 ሚሊዮን ተኩል ለሚሆን ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የበጋ ጎጆ አላት። ሐምሌ ሲገባ ሐኪሙም፣ የባንክ ሠራተኛውም፣ ባለሥልጣኑም ጓዙን ጠቅልሎ ሐይቅ ዳር ይወርዳል። እዚያ ምን እንደሚሠራ ለባለቤቴ የነገርኳት ትኬት ከቆረጥን በኋላ ነው፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል፣ እሳት ያነዳል፣ ለመጸዳዳት ደግሞ ጫካ ውስጥ ወዳለች የሳንቃ ቤት ይሄዳል። መንዝ ውስጥ እንስራ አዝላ ያደገች ሴት ናት። እስክጨርስ አዳምጣኝ፣ «እና ለዚህ ነው ገንዘብ የምትከፍለው?» አለችኝ።

ጎጆዋ ያለችው ሳይማ ሐይቅ ዳር፣ ከሳቮንሊና ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከሄልሲንኪ እስከ ፓሪካላ በባቡር ሄደን፣ እዚያ ወደ አንዲት ትንሽ ባቡር ተቀየርን፤ የቀረውን አከራይዋ በመኪናቸው አደረሱን። ሳይማ ከጣና ይሰፋል፤ ስፋቱ ግን ለዓይን አይታወቅም። ወደ 14,000 የሚጠጉ ደሴቶች ስላሉበት የትም ቢቆሙ ከፊት ለፊት ጥድ የለበሰ ሌላ ዳርቻ ይጋረጣል። የበረዶው ዘመን አልፎ ምድሪቱ ከፍ ስትል ከባሕር ተቆርጦ እዚህ የቀረ የአቆስጣ ዝርያም አለ፤ ከሳይማ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ቁጥሩም ጥቂት መቶ ብቻ ነው። እኛ አላየነውም። ያየነው የወባ ትንኝ ነው፤ ወባ አያስይዝም እንጂ ቁጥሩስ አይነገርም።

ቤቲቱ አንድ ክፍል ናት፤ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የእንጨት ምድጃ፣ በቃ። ግድግዳው ላይ መመሪያ ተለጥፏል፦ የመጠጥ ውሃ ከጀሪካኑ፣ ሌላው ከሐይቁ፤ ሽንት ቤት ስትጨርሱ አንድ ጭልፋ ሰጋቱራ ጣል አድርጉ፤ ስትሄዱ ለሚቀጥለው እንግዳ እንጨት ፈልጣችሁ ቤቱን አጽዱ። ባለቤቴ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አንብባ ሳቀች።

መጥረቢያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ብዙም ሳልቆይ ተቀማሁ። «ጉጡን ሳይሆን ስንጥቁን ተከተል እንጂ!» እያለች ግንዱን ሁለት አደረገችው። ማቀጣጠያው የበርች ዛፍ ልጥ ነው። ነጭ፣ እንደ ወረቀት እየተላጠ የሚወጣ ልጥ ሲሆን፣ ዘይት ስላለበት እርጥብም ቢሆን ጥቁር ጭስ እያወጣ ይነዳል። ላምባ ፍለጋ የለም።

እሳቱ የሚነደው በዋናነት ለሳውና ነው። ሳውናው ከቤቱ ተነጥሎ ውሃው ጠርዝ ላይ የተሠራ ትንሽ የእንጨት ክፍል ሲሆን፣ ምድጃው አናት ላይ ድንጋይ ተከምሯል። ድንጋዩ እስኪግል ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ አለ። ከዚያ ልብስ ተጥሎ፣ ጣሪያው ሥር ካለው መደብ ላይ ወጥቶ በጭልፋ ውሃ ማፍሰስ ነው። እንፋሎቱ ወዲያው አይታይም። ድንጋዩ ቲሽ ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ከጣሪያው ዞሮ መጀመሪያ ጆሮን፣ ቀጥሎ ትከሻን ይጠብሳል። እኔ ወደ በሩ ሳይ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ «የወይባ ጢስ የሚያውቅ ሰው በዚህ ይደነግጣል?» አለችኝ። ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ የበርች ቅጠል እስርም አለ፤ ጀርባና እግር ይመታበታል። መታሁ፤ ተመታሁ፤ እሷ ስትመታ ለምን እንደሚበረታ አልጠየቅኩም። ከዚያ ከእንጨት ድልድዩ ላይ ዘሎ ሐይቁ ውስጥ መግባት ነው።

የድሮ የፊንላንድ እናቶች የሚወልዱት ሳውና ውስጥ ነበር፤ ከቤቱ ሁሉ ንጹሑና ሙቅ ውሃ ያለበት ስፍራ ስለሆነ። አስከሬንም የሚታጠበው እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዩኔስኮ የሳውናን ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስፍሮታል፤ ጥምቀታችን በተመዘገበ በዓመቱ መሆኑ ነው።

የሰዓት ነገር አስቸገረን። ፀሐይ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፎ ትጠልቅና ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትወጣለች፤ መሃሉም በቅጡ አይጨልም። «ጎህ ሳይቀድ» የሚባለውን ሰዓት እዚያ የሚያገኘው የለም። እንቅልፍ እምቢ ሲለን በሌሊቱ ብርሃን ወጥተን ጫካው ሥር የበሰለ ሰማያዊ እንጆሪ እየለቀምን በላን። ማንም አይቆጣም፤ ጫካው የግል ቢሆን እንኳ ፍሬውን መልቀም ለሁሉም የተፈቀደ ነው።

ከውሃው ማዶ ያሉ አዛውንት አንድ ቀን ጀልባ እየቀዘፉ፣ በጋዜጣ የጠቀለሉት በጭስ የበሰለ ዓሣ ይዘውልን መጡ። ከየት እንደመጣን ስንነግራቸው ፊታቸው በራ፦ «ይፍጠር!» እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ከ1ኛ እስከ 5ኛ የወጡት የእኛና የእነሱ ልጆች ብቻ ናቸው፦ ማርሽ ቀያሪው ምሩጽ ይፍጠር፣ ካርሎ ማኒንካ፣ መሐመድ ከድር፣ ቶሎሳ ቆቱ፣ ላሴ ቪረን። አዛውንቱ ሳንጠይቃቸው፣ ማኒንካ ከውድድሩ በፊት ደም መውሰዱን በኋላ ራሱ እንደተናገረ አስታወሱን፤ ያኔ በሕግ የተከለከለ አልነበረም። «ወርቃችሁ ግን ወርቅ ነው» አሉ። ባለቤቴ በዚህ ጊዜ ጀበናዋን ጥዳ ነበር። ፊንላንዶች በነፍስ ወከፍ ቡና ጠጪነት ከዓለም ግንባር ቀደም ናቸው፤ ቆሉን ግን ለጋ አድርገው ነው የሚያወርዱት። ሰውየው አቦሉን ቀምሰው ቅንድባቸውን ሰቀሉ፤ በረካውን ሳይጠጡም አልተነሱ።

ሁለት ሰው ብቻውን ሲሰነብት ሥራ ካልያዘ ይነታረካል የሚል እምነት አለኝ፤ ውድ ሆቴል ገብተን ተኳርፈን የወጣንበት ጊዜ አለ። እዚህ የምናወራው ስለ እንጨቱ ድርቀት ነበር፤ ለኩርፊያ የሚበቃ ጊዜም አልተገኘ። ቢሆንም ጫካው ውስጥ ያለው ሁሉ በሰላም የሚኖር ቅዱስ ነው ብዬ ልጽፍ ስል ባለቤቴ አስቆመችኝ። «ሲሰለቻቸው ከተማ ተመልሰው ቧንቧ ይከፍታሉ። እማዬ ሲሰለቻት ምን ትከፍታለች?» መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ያለችው ግን ባልዲ በሁለት እጇ ይዛ፣ እኔ ሳልነሳ ከሐይቁ ስትመለስ ነው፤ ውሃ ቅጂ ያላትም የለም።

በመጨረሻው ቀን ለሚቀጥለው እንግዳ የሚሆን እንጨት ፈለጥን፤ እሷ አከራይዋ ከተዉልን ክምር አስበልጣ ደረደረች። ፓሪካላ ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ እናቷ ዘንድ ደውላ፣ ምን ስንሠራ እንደሰነበትን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እማማ ረጋ ብለው ሰሙና ዋጋውን ጠየቁ። በብር አስልታ ስትነግራቸው፣ «በሉ የሚመጣው ዓመት እኔ ዘንድ ኑ፤ እንስራውም መጥረቢያውም እዚሁ አለ፤ በግማሹ አደርግላችኋለሁ» አሏት።