ሰባቱ ባሕርያት በስሜን ግርጌ

የቀደሙት ሊቃውንት ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ መሆኑን ሲያስተምሩ፣ አራቱን፣ ማለት ነፋስን፣ እሳትን፣ ውኃንና መሬትን ለሥጋ፣ ሦስቱን፣ ማለት ልባዊነትን፣ ነባቢነትንና ሕያውነትን ለነፍስ ሰጥተው ነውና፣ ስለ ጤና የሚመክር ሰው ሥጋን ብቻ መርምሮ ሥራዬን ጨረስሁ ሊል አይገባውም።

ይህ ትምህርት በደባርቅና በዳባት ገብስ እየዘራ በሚያድረው ደገኛ ዘንድ የዕለት ኑሮ ነው። በሁዳዴ አንዲት እናት የታመመች እንደ ሆነ፣ ጎረቤቶቿ አንዷ አጥሚት፣ አንዷ እንጨት ይዛ እየገባች መደቡን ይሞሉታል፤ ወተት አልቀምስም ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር ግን የንስሐ አባቷ ይጠራሉ፤ እርሳቸውም ጸሎት አድርሰው፣ መስቀላቸውን አሳልመው፣ «ልጄ፣ ፈትቼሻለሁ፤ እግዚአብሔር ሞትሽን አይሻም፤ ጠጪ» ይሏታል። የ55 ቀኑን ጾም ያወጀው አንደበት ለደካማው ደግሞ እንዲህ ሲራራ፣ ሕመምተኛን ከጾም ነፃ የሚያደርገው ፍትሐ ነገሥትና የሐኪም ትእዛዝ በዚያች ጎጆ ውስጥ አንድ ቃል ይሆናሉ።

የሥጋውም ነገር አልተናቀም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና ስለ ምንጭና ስለ መጸዳጃ የሚያስበውን ሳኒቴሪያን በአንድነት ማሠልጠኑ፣ በሽተኛውን ከቤቱና ከሚጠጣው ውኃ ለይቶ ማከም እንደማይቻል መሥራቾቹ አስቀድመው ስለ ተረዱት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ዳባት ላይ በየቤቱ ልደትንና ሞትን እየተከታተለ መመዝገቡም የዚያ ትጋት ቅጥያ ነው።

ዳሩ ግን በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ተክለ ሃይማኖት ሰላማውያን ሰዎች በተገደሉ ጊዜ፣ በተረፉት ላይ የወደቀው ሕመም በማዳመጫ የሚገኝ አልነበረም። ልጇን የቀበረች እናት «ራሴን ያመኛል፣ እንቅልፍም የለኝ» ብላ ጤና ጣቢያ ብትመጣ፣ ክኒኑ የራሷን ፍልጠት ያስታግሥላት ይሆናል፤ ልባዊነቷንና ነባቢነቷን ግን የሚጠግነው፣ ለቅሶ ደራሹ ከሄደ በኋላም ቡና አፍልቶ፣ የሟቹን ስም ሳይፈራ እያነሣ አብሯት የሚቀመጥ ወገን ነው።

እንዲህ ያለችውን እናት «ክኒኑን ትተሽ ጠበል ግቢ» የሚላት፣ ወይም ጠበሉን የሚነቅፍባት ሰው ሁለቱም ይበድላታል። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ ሲናገሩ ይህን ክርክር ዘግተውት ነበር። ሐኪሙ ማን አብሯት እንደሚያድር፣ የንስሐ አባቷም ክኒኗን በሰዓቱ መዋጥ አለመዋጧን ቢጠይቋት የሚጐድልባቸው ክብር የለም።