ከሐኪም ጋራ ስለ ዜማ መሣሪያ

ሐኪም ጋራ፣ ሐረር
ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድኸው ወንድሜ፤

ከድሬዳዋ ተነሥቼ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል አልፌ ሐረር ከገባሁ እነሆ ዐሥራ ሦስት ቀን ሆነኝ፤ ያረፍሁትም ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በሐኪም ጋራ ግርጌ፣ በድሮ የትምህርት ቤት ባልንጀራዬ ቤት ነው። «ዲጄነት ልጀምር፣ ሙዚቃ ማቀናበርም ልማር ቈርጫለሁና ምን ዓይነት ኮምፒውተር፣ ምን ምንስ ዕቃ ልግዛ?» ብለህ የላክህልኝ መልእክት የደረሰኝ ገና በመንገድ ሳለሁ ነበር። መልሱን እስከ ዛሬ ያዘገየሁት ጥያቄህን አቃልዬው ሳይሆን፣ ሁለት ዓመት ያጠራቀምኸው ገንዘብ በአንድ ቀን ገበያ የሚያልቅበት ነገር ስለሆነ፣ ሳልመረምርና ዐዋቂ ሳልጠይቅ ቃል መስጠትን ስለ ፈራሁ ነው።

ትናንት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከባልንጀራዬ ልጅ ጋር ወደ ጋራው ወጣን። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ጀጎል፣ ከነግንቡና ከነሰማንያ ሁለቱ መስጊዶቹ፣ ከእግራችን በታች ተዘርግቶ ይታይ ነበር፤ እኔን የያዘኝ ግን ከሚታየው ይልቅ የሚሰማው ነው። በመጀመሪያ ከአንዱ መስጊድ፣ ቀጥሎም ከሌላው፣ ወዲያውም ከብዙዎቹ የመግሪብ አዛን ተነሣ፤ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስላልጀመሩ፣ ርቀታቸውም እኩል ስላልሆነ፣ የአንዱ ድምፅ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ የቅርቡ ጐልቶ የሩቁ ሣሥቶ ወደ ጋራው ሲወጣ፣ እኔ በዕድሜዬ ያን የመሰለ የድምፅ ጥልቀት ሰምቼ አላውቅም። ልጁ ፈጥኖ ስልኩን አወጣና ቀዳው። ቤት ገብተን ስናዳምጠው ግን ከዚያ ሁሉ የተረፈው የነፋስ ጩኸት ብቻ ሆኖ አገኘነው፤ ስልኩ ከነፋስ የሚከልለው ነገር አልነበረውምና።

ወንድሜ ሆይ፣ ምክሬ ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ከነፋሷ ቅጂ ነው። አዲስ ጀማሪ ሁሉ የሚመኘው ድምፅ የሚያወጣ፣ መብራቱ የሚንቦገቦግ፣ ቁልፉ የበዛ መሣሪያ ነው፤ እኔ ግን አስቀድመህ ድምፅን የሚቀበል መሣሪያ እንድትገዛ እመክርሃለሁ። በዜማ ቤት ያለ ተማሪ ጸናጽልና መቋሚያ ይዞ አቋቋም ከመግባቱ በፊት ጾመ ድጓውንና ድጓውን ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ፣ እየተሳሳተና እየታረመ፣ ዜማው በኅሊናው እስኪቀረጽ ድረስ ዓመታት ይቀመጣል፤ የኮምፒውተሩም ትምህርት ከዚህ ሥርዓት የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።

ይህ የባልንጀራዬ ልጅ የሰርግ ቤት ዲጄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ባለ አራት ቻናል ሰፊ የዲጄ ኮንትሮለር ገዛ፤ ገንዘቡም በዚያው ስላለቀ፣ ስሙን ከማልጠራው ሻጭ ዘንድ በርካሽ ያገኘውን አሮጌ ላፕቶፕ ከሥሩ አስቀመጠ፤ ራሙ 4 ጊጋባይት፣ ማከማቻውም የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነበር። በመጀመሪያው ሰርጉ ሙሽሮቹ ተነሥተው ወደ መሀል በወጡበት ሰዓት ዘፈኑ ተንተባተበ፣ ተቈራረጠ፣ ፈጽሞም ዝም አለ። ልጁ ይህን ሲያጫውተኝ ዛሬም አንገቱን ይደፋል።

ነገሩ እንዲገባህ አሠራሩን ላስረዳህ። ኮምፒውተር ድምፅን እንደ ቧንቧ ውኃ ሳያቋርጥ አያፈስም፤ እንደ እህል እየሰፈረ ያቀርባል እንጂ። በተለመደው ልክ አንድ ሴኮንድ ድምፅ 44,100 ናሙናዎች አሉት፤ የመስፈሪያው ቁና 128 ናሙና የሚይዝ ከሆነ፣ ፕሮሰሰሩ 3 ሚሊሴኮንድ በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ቁናውን ሞልቶ ማቅረብ አለበት፤ 512 የሚይዝ ከሆነ ግን ከ11 ሚሊሴኮንድ በላይ ፋታ ያገኛል። ሰፋሪው አንድ ጊዜ ከዘገየ ድምፁ ይቈረጣል። ስለሆነም ድምፅህን ስትቀዳ ወይም ኪቦርድ ስትጫወት፣ ጣትህና ጆሮህ እንዳይለያዩ ትንሹን ቁና ትመርጣለህ፤ ሥራውን ጨርሰህ ሚክስ ስታደርግ ደግሞ ትልቁን። ደካማ ማሽን ትንሹን ቁና አይችልም፤ ሰው ሁሉ ገንዘቡን በኮንትሮለሩ ላይ ጨርሶ በላፕቶፑ ላይ ሲቈጥብ ሳይ የማዝነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ከገንዘብህ ትልቁን እጅ ለላፕቶፑ አድርገው። ራሙ 16 ጊጋባይት ይሁን፤ አቅም ካነሰህ 8 ጊጋባይት ሆኖ ወደ ፊት የሚጨመርበት ይሁን፤ ማከማቻው ግን ያለ ማመንታት ኤስኤስዲ ይሁን፣ ቢቻል 512 ጊጋባይት። አንድ ድምፅ በ24 ቢት ሲቀዳ በሰዓት ወደ 480 ሜጋባይት ይወስዳል፤ ይህ ጥቂት ይመስላል፣ ነገር ግን ዐሥር ድምፅ ደራርበህ ሦስት ጊዜ ብትሞክረው ምን ያህል እንደሚሆን አንተው አስላው። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ ኤም ዋን ማክቡክ ኤር ማራገቢያ ስለሌለው ማይክ አጠገብ ቢቀመጥ እንኳ ድምፅ አያሰማም፤ ባትሪውም ይበረክታል፤ ራሙ ግን ከተገዛ በኋላ አይጨመርበትም። ዊንዶውስ ያለው ላፕቶፕ ከመረጥህ ደግሞ ከመግዛትህ በፊት አሥራ አምስት ደቂቃ አሠርተህ የማራገቢያውን ጩኸት ስማ።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ባትሪው ተጠንቀቅ። እዚህ በሰነበትሁባቸው ቀኖች መብራት አራት ጊዜ ጠፍቷል፤ አንድ ምሽት እንዲያውም ልጁ የአክስቱን የሰርግ ዘፈን እየቀዳ ሳለ ጠፋ። ስፒከሮቹ በአንድ ጊዜ ሞቱ፤ ላፕቶፑ ግን፣ ከእርሱ በዩኤስቢ ኃይል የሚያገኘው ሳውንድ ካርድና ሄድፎኑም ምንም ሳይሆኑ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ አክስቱም ጨለማው ሳይረብሻት ዘፈኗን እስከ መጨረሻው አወረደችው። ከዚያ ሰርግ በኋላ በገዛው አዲስ ላፕቶፕ ያገኘውን ይህን ጸጋ በዴስክቶፕ አያገኘውም ነበር። ሳውንድ ካርድ ስትገዛም የራሱን የግድግዳ ሶኬት የማይጠይቀውን፣ ሁለት የማይክ መግቢያና፣ ወደ ፊት ኮንደንሰር ማይክ ብትገዛ የሚያስፈልግህ 48 ቮልት ያለውን ፈልግ፤ ፎከስራይት ስካርሌት የሚባለው ዓይነት ለዚህ ይበቃል፤ አብሮትም ለጀማሪ የሚሆን የአብልተን ላይቭ ትንሹ ቅጂ ይሰጣል።

ማይክህ ኮንደንሰር ሳይሆን ዳይናሚክ ቢሆን እመርጣለሁ። ኮንደንሰር ጥቃቅኑን ሁሉ ይሰማል፤ የጎረቤትን ራዲዮና የባጃጁንም ጡሩንባ ሳይለይ ይሰማል። ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሹር ኤስኤም 58 ግን በፊቱ ያለውን ሰው ያዳምጣል፤ ቢወድቅም በቀላሉ አይሰበርም። ስለ ክፍሉ ደግሞ የሐረር ሰዎች ሳያስቡት የሠሩት ነገር እጅግ ደንቆኛል። የጥንቱ የሐረሪ ቤት ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ መቀመጫው ነደባ የሚባለው ከፍና ዝቅ ያለ መደብ ሲሆን በምንጣፍና በትራስ ይሸፈናል፤ ግድግዳው ላይም የሴቶች የእጅ ሥራ የሆነው ስፌት ከላይ እስከ ታች ይሰቀላል። ምንጣፉ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ የስፌቱ ጐድጓዳነትና የመደቡ ከፍታ ዝቅታ ድምፁን እየበታተነ ወደ ማይኩ በቀጥታ እንዳይመለስ ያደርገዋል። የባልንጀራዬ ልጅ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ የአያቱን ቤት የመቅጃ ክፍል አደረገው። አንተም የእናታችንን ጓዳ እህል የተሞሉ ጆንያዎች ካሉበት ጥግ ሞክረው።

ስፒከር አሁን አትግዛ። ጆሮን የሚሸፍን ዝግ ሄድፎን ለመቅዳትም፣ ለማቀናበርም፣ ለዲጄነትም ያገለግልሃል።

ወደ ዲጄነቱ ስመጣ፣ ኮንትሮለርህ ባለ ሁለት ቻናል ይሁን፤ ውስጡ የራሱ ሳውንድ ካርድ ያለው፣ ለአዳራሹ የሚወጣውንና ለጆሮህ የሚመጣውን ድምፅ የሚለይ ይሁን። የዲጄ ጥበብ ሁሉ በዚህ ላይ ቆሟልና፤ ሕዝቡ የአሁኑን ዘፈን ሲሰማ አንተ የሚመጣውን በጆሮህ አስቀድመህ ትሰማለህ። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓዮኒር ዲዲጄ ኤፍኤልኤክስ 4 ይህን ሁሉ ያሟላል። ነገር ግን አንድ ምክር ከልቤ ስማኝ፦ ምቱን በራሱ የሚያስተካክለውን የሲንክ ቁልፍ አትመካበት። ከ1960ዎቹና ከ70ዎቹ እ.ኤ.አ. የወረስናቸው ዘፈኖች የተቀዱት ሰዎች በአንድ ክፍል ሆነው በመጫወት ስለሆነ፣ ከበሮ መቺው በደስታው ጊዜ ይፈጥናል፣ ዘፋኙ ሲተክዝም አብሮት ይዘገያል፤ ኮምፒውተሩ የሚዘረጋው እኩል መስመር ከዚያ ሕያው ምት ጋር ጥቂት ሄዶ ይለያያል። የጭፈራችን ጭክጭካ ደግሞ በስድስት የሚቈጠር ነውና ሶፍትዌሩ እንደ አመሉ በአራት ሲከፍለው ይዛባል። ስለዚህ በእጅ የሚሽከረከረው ጎማው የሚመች፣ የፍጥነቱ መግፊያ ረዘም ያለ ኮንትሮለር ፈልገህ በጆሮህ ማስተካከልን ተማር።

ስለ ሶፍትዌር ብዙ አልልህም፤ ኤፍኤል ስቱዲዮም፣ አብልተንም፣ ሪፐርም ያሠራሉ፤ ሎጂክ ግን በዊንዶውስ አይሠራም። የሚያሳስበኝ ቅኝቱ ነው። ሚዲ ኪቦርድ ስትገዛ ሃያ አምስት ቁልፍ ያለው ትንሹ ይበቃሃል፤ ነገር ግን የነዚያ ቁልፎች እርከን በእኩል የተከፋፈለ ነው፤ አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት በማሲንቆና በሰው ጉሮሮ ሲወርድ በዚያ እኩል ክፍፍል ላይ አይቀመጥም። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው አብልተን ላይቭ 12 እርከኖቹን እንደ ፈቃድህ እንድታስተካክል ይፈቅዳል፤ ሎጂክም እንዲሁ። የቅኝታችን ጣዕም በአንድ ትውልድ ውስጥ በፋብሪካ ልክ ተቈርጦ እንዳይቀር፣ ይህን ከመጀመሪያው ቀን እንድትለምደው እለምንሃለሁ።

በመሣሪያ ማነስ ተስፋ እንዳትቈርጥ ደግሞ የቀደሙትን አስብ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ድምፅ የሚቀዳበት የኤሌክትሪክ ማይክ አልነበረም፤ ወደ ቀንድ ነበር የዘፈኑት። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ምት ከሚመታ ማሽን ጋር አጣምሮ፣ ብቻውን ሆኖ አንድ ሙሉ ካሴት ሠራ። በኛም ዘመን ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጣ፣ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉም የሀገራችንን የዜማ መሣሪያና የሰፈር ድምፅ ከኮምፒውተር ምት ጋር ሲያዋህዱ፣ ሥራቸውን ሥራ ያደረገው አስቀድመው የሰሙት ነገር ነው።

ባለፈው ማክሰኞ በጀጎል ውስጥ፣ ቀድሞ የራስ ተፈሪ መኖሪያ በነበረው ቤት ያለውን የአብዱላሂ ሸሪፍን ሙዚየም አየሁ። ሰውየው ከጥንት የብራና መጻሕፍት፣ ከሳንቲምና ከልብስ ጋር የሐረሪን የድሮ ዘፈንና ዚክር በካሴት ሰብስበው አስቀምጠዋል። ያን ካሴት በመደርደሪያው ላይ ሳየው ብዙ ቆምሁ። ዚክሩ የሚታጀበው ከረቡ በሚባለው ከበሮና ከበል በሚባለው የእንጨት ማጨብጨቢያ ነው፤ ያን የመታ እጅ፣ ያን ያወረደ አፍ ምናልባት ዛሬ በሕይወት የለም፤ ድምፁ ግን አንድ ሰው በትዕግሥት ስለ ቀዳውና ስላኖረው አለ። አንተም በየሄድህበት ስትቀዳ፣ በተለይም ጸሎት በሆነ ነገር ላይ፣ አስቀድመህ ባለቤቶቹን አስፈቅድ፤ የቀዳኸውንም በሁለት ልዩ ልዩ ቦታ አስቀምጥ።

እንግዲህ በቅደም ተከተል መጀመሪያ ላፕቶፑንና ሄድፎኑን፣ ከወር በኋላ ሳውንድ ካርዱንና ማይኩን (ከነፋስ የሚከልለውን ስፖንጅ እንዳትረሳ)፣ ኮንትሮለሩን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ግዛ። መርካቶ አየሁት ያልኸኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋው መልካም ይመስላል፤ ሆኖም ቀብድ ከመስጠትህ በፊት የባትሪውን ዘገባ ከኮምፒውተሩ ውስጥ አውጥተህ፣ ላፕቶፑን ከሶኬት ነቅለህ በባትሪው ብቻ ለአንድ ሰዓት ዘፈን አጫውተህ፣ ስንት ከመቶ እንደ ቀረው ጽፈህ በፎቶግራፍ ላክልኝ። እስከ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ እወርዳለሁና፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሳውንድ ካርዱን ዋጋ ጠይቄ እነግርሃለሁ።

ለእናታችንና ለጎረቤቶቻችን ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። የሐረር ቡና አንድ ኪሎ ይዤላት እመጣለሁ በላት።

ወንድምህ