7ኛ "ለ" ክፍል ያስተማረኝ

እኔ ጥቅምት ላይ አዲስ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ በሰልፍ ሰዓት ከመምህራን ጀርባ ተሸሽጋ ትቆም የነበረችው እጩ መምህርት ነኝ። አንዳንዶቻችሁ "ፕራክቲከሟ ቲቸር" ትሉኛላችሁ፤ ሰምቻለሁ። የተግባር ልምምዴ በዚህ ሳምንት ስላለቀ ወደ ኮሌጄ ልመለስ ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች "ቲቸር፣ ሳይሄዱ አንድ ነገር ይጻፉልን" ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ምስጋና ብቻ ጽፌ ለመሰናበት ነበር። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። 7ኛ "ለ" ያውቀዋል፤ ሌሎቻችሁ ግን አታውቁትም።

መጀመሪያ ስመጣ ሥራዬ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማየት ነበር። አማካሪ መምህሬ ሒሳብ ሲያስተምሩ እኔ ደብተሬን ይዤ እጽፋለሁ። እንዴት እንደሚገቡ፣ ጠመኔውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ልጆች ሲንጫጩ እንዴት ዝም ብለው ቆመው እንደሚጠብቁ ሁሉንም ጻፍኩ። ቀላል መሰለኝ። "ይሄን ይሄንማ እኔም እችለዋለሁ" አልኩ በልቤ። ከዚያ ተራው የኔ ሆነና ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። 58 ልጆች፣ 116 ዓይን! ምን ልበላችሁ፣ ሌሊቱን የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋብኝ። የ40 ደቂቃውን ትምህርት በ22 ደቂቃ ጨርሼ የቀረውን ጊዜ ሰሌዳ ሳጠፋ ዋልኩ።

ቀስ በቀስ ግን ለመድኩ። ርዕሱ ንብር ቁጥሮች ነበር። ከዜሮ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለማስረዳት የአፋሩን ዳሎል ምሳሌ አመጣሁ። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፤ ባሕር ጠለሉን ዜሮ ካልነው ዳሎል ነጌቲቭ ላይ ነው ማለት ነው። ልጆቹ ወደዱት፤ እኔም ኮራሁ።

ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ማክሰኞ ክፍልፋዮችን በማወዳደር ላይ ሳለን በትልቁ እንዲህ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ -1/2 > -1/3። ስህተት ነው። 1/2 ከ1/3 ስለሚበልጥ እጄ በልማድ ሄደ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ተገላቢጦሽ አይደለም እንዴ? ግማሽ እንጀራ ዕዳ ያለበትና ሲሶ እንጀራ ዕዳ ያለበት ቢኖሩ፣ የግማሹ ባለዕዳ ነው የባሰበት። ስለዚህ -1/2 ነው የሚያንሰው።"

እንዴት ያለ መልስ ነው! እኔ በሌሰን ፕላኔ ያላሰብኩትን ምሳሌ ነው ያመጣችው። በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ እንዳየሁት ብራህማጉፕታ የሚባል የሕንድ የሒሳብ ሊቅ በ628 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የነጌቲቭ ቁጥሮችን ሕግ ሲጽፍ ከዜሮ በታች ያለውን "ዕዳ"፣ ከዜሮ በላይ ያለውን "ሀብት" ብሎ ነው የጠራው። ልጅቷ ይህንን ሳታነብ ራሷ ደረሰችበት።

እኔስ ምን አልኩ? ፊቴ ጋለ፤ ከኋላ አማካሪ መምህሬ ተቀምጠዋል። "አትቸኩይ እንጂ! ሆን ብዬ ነው፣ ልፈትናችሁ ብዬ ነው" አልኩና ቶሎ ብዬ አጠፋሁት። ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷ ተቀመጠች። በእረፍት ሰዓት "ችኩሏ፣ ችኩሏ" እያሉ ሲጠሯት ሰማሁ። ያንን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ክፍለ ጊዜው አልቆ ስንወጣ አማካሪ መምህሬ አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን እየጠረጉ "ሌሰን ፕላንሽን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ 'ሆን ብሎ መሳሳት' የሚል ግን አላገኘሁበትም" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታዲያ በማግስቱ አስተካከልሽ ወይ ብትሉኝ፣ አላስተካከልኩም። "ትንሽ ነገር ናት፤ ይረሱታል" ብዬ አለፍኩ። ልጅቷ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እጇን አላወጣችም።

ሁለት ሳምንት አልፎ ፈተና ሰጠሁ። አንዱ ጥያቄ "ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፦ -1/3፣ 0፣ -1/2፣ 1/4" ይል ነበር። ማታ ሳርም 17 ተማሪዎች -1/3ን ከ-1/2 በፊት ጽፈው አገኘሁ። ግራ ገባኝ። በማግስቱ የሁለቱን ደብተር ተቀብዬ ሳገላብጥ፣ ወይ ጉድ! የዚያ ማክሰኞ ገጽ ላይ በንጹሕ ጽሕፈት -1/2 > -1/3 ተብሎ ተገልብጧል። ከሰሌዳው ባጠፋው፣ ከኋላ ያሉት ልጆች አስቀድመው ጽፈውት ነበር። የኔን ሰበብ አልሰሙም፤ ስህተቴን ግን አምነው ተምረውታል። ወላጆቻችን "አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ" የሚሉት ለካ ይህን ነው። እኔ ያለባበስኩትን የሚያርሙት እነሱ ሊሆኑ ነበር።

ሐሙስ ክፍል ገባሁ። ያንኑ የተሳሳተ ጽሑፍ በዚያው ቦታ ጻፍኩትና "ይሄን ታስታውሱታላችሁ? ልፈትናችሁ ብዬ ነው ብያችሁ ነበር። ውሸት ነው። ተሳስቼ ነው የጻፍኩት። ያረመችኝን ልጅም ችኩል ያልኳት አፍሬ ነው። እሷ ትክክል ነበረች። ሁላችሁንም ይቅርታ፣ እሷን ደግሞ በተለይ" አልኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንድ ልጅ "ቲቸርም ይሳሳታል እንዴ?" አለ፤ ማንም አልሳቀም። ልጅቷን ሰሌዳው ጋ ጠራኋት። ምልክቱን አዙራ -1/2 < -1/3 ብላ ጻፈች፣ ጠመኔውን አስቀመጠች፣ ዝም ብላ ወደ ቦታዋ ሄደች። ከአማካሪ መምህሬ ጋር ተመካክረን ያንን ጥያቄ ለሁሉም በሌላ ቀን ደግመን ፈተንን።

ሁሉም ነገር ወዲያው ተስተካከለ ብላችሁ እንዳታስቡ። ልጅቷ ለብዙ ቀናት እጇን አላወጣችም። ይቅርታ መጠየቅ የኔ ፋንታ ነው፤ ማመን ግን የሷ ነው፣ በግድ አይሆንም። ባለፈው ሳምንት ስለ ማባዛት ሳስተምር ግን ያቺ እጅ ከሁለተኛው ረድፍ ወጣች።

"ቲቸር፣ ነጌቲቭ በነጌቲቭ ሲባዛ ለምንድን ነው ፖዘቲቭ የሚሆነው? ሁለት ዕዳ ተባዝቶ እንዴት ሀብት ይሆናል?"

ሕጉን አውቀዋለሁ፤ ኮሌጅ ሳልደርስ ጀምሮ በቃሌ ነው የያዝኩት። ለምን እንደሆነ ግን በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። በፊት ቢሆን "ሕጉ ነው፣ ያዢው" እላት ነበር። ያን ቀን ግን "ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አሁን በደንብ ላስረዳሽ አልችልም። ነገ ይዤው እመጣለሁ" አልኳት። ማታ ስታገል አመሸሁና በማግስቱ ይህን ጻፍኩላቸው፦

3 × (-2) = -6
2 × (-2) = -4
1 × (-2) = -2
0 × (-2) = 0

"በግራ ያለው ቁጥር በ1 ሲቀንስ መልሱ ምን ይሆናል?" ብዬ ስጠይቅ "በ2 ይጨምራል!" አሉ። "ታዲያ ቀጥሎ (-1) × (-2) ስንት ሊሆን ነው?" ስል ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ሁለት!" አለ። ልጅቷም ፈገግ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። እንጀራውን ያገኘሁት ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ።

ከኮሌጅ መጥተው የገመገሙኝ መምህር ብዙ ነጥብ ያለው ቅጽ ሞልተዋል። የመርጃ መሣሪያ አጠቃቀም፣ የሰዓት አጠቃቀም፣ የድምፅ ጥራት ሁሉም አለ። "ስትሳሳት ምን ታደርጋለች?" የሚል ግን የለውም። እሱን የገመገመኝ 7ኛ "ለ" ነው። "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" ሲባል ስሰማ ስለ ሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ሰሌዳ ላይ ልክ ያልሆነ ነገር ስታዩ በአክብሮት እጃችሁን አውጡ። "ችኩል" ቢሏችሁም አውጡ። ጓደኛችሁ ሲጠይቅም አትሳቁበት፤ አንድ ጊዜ የወረደች እጅ ለመነሣት ብዙ ቀን ይፈጅባታል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለምትቀመጠው ልጅ ደግሞ፦ ዕዳዬን ሙሉ በሙሉ አልከፈልኩም፤ ወደፊት በማስተምራቸው ልጆች ላይ እከፍለዋለሁ።

ቸር ያገናኘን!